የዩኒቨርሲቲ ጥናት ለአእምሮ ሕሙማን ቤተሰብ ምን ጠቀመ? ሶሻል ወርከሮች፣ ነርሶች፣ ቤተሰቦች፣ ኑ እንነጋገር

ሶሻል_ወርከሯ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። ጎን ለጎን በሶሻል ወርክ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው የሚኖርባቸውን ቤተሰቦች ይመለከታል። ፕሮፖዛሉ አልፏል፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱም ወጥቷል። መስክ ከመውጣቴ በፊት ግን የሚያስጨንቀኝን ጥያቄ እዚህ ላምጣው።

የአገራችን የአእምሮ ጤና ምርምር ትንሽ አይደለም። ቡታጅራ ላይ የገጠር ጤና ጥናት ከተጀመረ ወደ 40 ዓመት ሊሆነው ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እንዳያምታታ።) ሶሻል ወርክም ቢሆን አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1959 ነው። በደርግ ጊዜ ተዘጋ። በ2004 በማስተርስ ተመለሰ፣ በ2006 ፒኤችዲ ጀመረ። ወደ 30 ዓመት ገደማ ሙያው ራሱን ችሎ አልተሰጠም ማለት ነው። የአእምሮ ሕክምናው ምርምር ሥር የያዘው ደግሞ በዚያው ክፍተት ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥያቄዎቹን የቀረጹት በአብዛኛው ሐኪሞችና የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዎች ናቸው። በጣም ጥሩ አድርገው ቀርጸዋቸዋል፤ ቅሬታ የለኝም።

አሁን እኛ መጣን። በየክልሉ ዩኒቨርሲቲ ሶሻል ወርክ ይሰጣል። በየዓመቱ በርካታ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጻፋል። «የቤተሰብ ጫና»፣ «መገለል»፣ «የመቋቋሚያ ዘዴዎች»። ርዕሶቹን አይታችኋቸዋል። ቤተሰቦቹ ግን «ባለፈውም ጽፈው ሄደው ነበር፣ ምን ተባለ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። እስከ ዛሬ ከተሠሩት ጥናቶች የሕሙማኑን ኑሮ በእርግጥ የነካው የትኛው ነው? እኔስ ምን ብጠይቅ ይሻላል?

ነርስ_ዘደቡብ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡48

እህቴ፣ ጥሩ ነገር አነሳሽ። የሥነ አእምሮ ነርስ ነኝ። እኔን የለወጠኝን አንድ ጥናት ልንገርሽ።

ቡታጅራ ላይ ከ1998 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68,000 በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠየቁ። ከባድ ሕመም ያለባቸው ተለይተው ለዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። ከዚያ ውስጥ ብዙ ነገር ወጣ። አንዱ እነዚህ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ወደ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ ነው። ይሄ ብቻውን ሊያስተኛን አይገባም ነበር።

እኔን የነካኝ ግን በ2013 የታተመው ነው። ሕሙማኑና አስታማሚዎቻቸው መድኃኒት ለምን እንደሚያቋርጡ ተጠየቁ። በክፍል የተማርነው መልስ «ስለ ሕመሙ ግንዛቤ የላቸውም» የሚል ነው። እነሱ ደጋግመው የተናገሩት ግን ረሃብን ነው። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል። ቤት ውስጥ የሚበላ የለም። ስለዚህ ይተዉታል።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ በካርዱ ላይ «መድኃኒት በአግባቡ አይወስድም» ብዬ መጻፌን አቆምኩ። አሁን «ማታ ክኒኑን ከዋጥክ በኋላ ምን ትበላለህ?» ነው የምለው። አንድ ወጣት ያለኝን ላካፍልሽ። «ሲስተር፣ ሌሊት ይርበኛል። ሞሰቡን ስከፍት ለእህቶቼ ጠዋት የተቀመጠች አንድ እንጀራ አለች። እሷን ከምበላ አለመዋጥ ይሻላል» አለኝ። ይሄ ልጅ ግንዛቤ የለውም የሚለኝ ማነው?

የዚህ ሕክምና እኔ ጋ አይገኝም። መርፌውን እወጋለሁ፣ ክኒኑን እሰጣለሁ። እንጀራውን የሚያመጣ መንገድ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገኛል። የእናንተ ሥራ እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው።

የወንድሜ_እህት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ባለሙያ አይደለሁም። ሳነብ አለቀስኩ፤ ስለዚህ ልጻፍ።

ወንድሜ ከታመመ ብዙ ጊዜው ነው። እናቴ ገበያ ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፍበት ነበር። አንዳንዴ እግሩ በሰንሰለት ይታሰራል። ጎረቤት «ጨካኝ» ይላታል። እናቴ ጨካኝ አይደለችም። ሽንኩርትና ድንች ትሸጣለች። ካልሸጠች ማታ አንበላም። እሱ ከወጣ ደግሞ አስፋልት ላይ ነው የሚሄደው፤ አንዴ መኪና ገጭቶታል። ምን ታድርግ?

በኋላ እኔ ትምህርቴን ከ9ኛ አቋርጬ ቤት ቀረሁ። ሰንሰለቱ ያኔ ነው የወለቀው። ማንም ሰው ስለዚያ ጠይቆኝ አያውቅም። ሊጠይቁ ሲመጡ «የቤተሰቡ ኃላፊ ማነው?» ይላሉ። አባቴ ይመልሳል። አባቴ ቀን ቤት የለም።

መምህር_ጂ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

የወንድሜ እህት፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ። የጻፍሽው ነገር በምርምርም ተረጋግጧል። ሶዶ ወረዳ ላይ (ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ነው የምታገኙት) ስለ ማሰር የተደረገ ጥናት አለ። ቤተሰቦች የሚያስሩት በአብዛኛው ሕክምና ስላጡ፣ አቅም ስላለቀባቸውና ሰውየውን ከአደጋ ለመጠበቅ እንደሆነ ነው ያገኘው። «ማሰር ክልክል ነው» ብሎ ፖስተር መለጠፍ ለእናትሽ ምንም አያደርግላትም ማለት ነው።

ሶሻል ወርከሯ ለጠየቀችው ልመልስ። እኔ የማስበው የሕሙማኑን ኑሮ በጣም የነኩት ሦስት ሥራዎች እዚያው አካባቢ ናቸው።

በ2011 የተጀመረው ፕራይም የሚባለው ፕሮግራም በሶዶ 8 ጤና ጣቢያዎች የአእምሮ ሕክምናን ከሌላው ሕክምና ጋር አንድ ላይ አስገባ። ብዙዎች እዚያው በቅርባቸው መታከም ቻሉ። ከዚያ ሌላ ጥናት መጣ፤ የተረጋጉ ሕሙማን በጤና ጣቢያ ነርስና ጤና መኮንን ቢታዩ ሆስፒታል ባለው የሥነ አእምሮ ነርስ ከሚታዩት ያነሰ ውጤት ያገኛሉ ወይ? 329 ሰዎች ተሳተፉ። በ2022 ሲታተም መልሱ «አያንስም» ሆነ። ለድሃ ገበሬ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የመጓጓዣ ብር፣ የሚቀር የሥራ ቀን፣ አብሮት የሚሄድ ሰው፤ ሁሉም ይቀንሳል።

ሦስተኛው ለእኛ ሙያ በጣም ይቀርባል። ራይዝ ይባላል። ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው 166 ሰዎች ነበሩበት። 48 ቀበሌዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ የጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ አገኘ። ሌላው በዚያ ላይ ቤት ድረስ የሚመጣ ሰው ተጨመረለት። ቤት የሚሄዱት የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ ሐኪም አይደሉም። ለ5 ሳምንታት ሠለጠኑ። ሥራቸው ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር ነው፣ ሰውየውን ቀስ በቀስ ወደ ሥራና ወደ ሰው መመለስ ነው፣ ከሽማግሌና ከእድር ጋር መምከር ነው። ከ12 ወር በኋላ ቤታቸው የተሄደላቸው ሰዎች የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን በመምራት በኩል የተሻለ ለውጥ አሳዩ።

ልብ በሉ፣ ሁለቱም ወገን ያው ሕክምና ነበረው። ልዩነቱን ያመጣው በር ማንኳኳቱ ነው።

ጠያቂ_ነኝ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡31

መምህር፣ በአክብሮት ልከራከርዎት። የመንደር ልጅ 5 ሳምንት ሠልጥኖ ይሄን ካደረገ ሶሻል ወርክ በዲግሪና በማስተርስ ማስተማር ለምን አስፈለገ? የተመረቁት ሥራ አጥተው ቁጭ ብለዋል። ጥናቱ እኮ የሚያሳየው ያለ እነሱ መሥራት እንደሚቻል ነው።

መምህር_ጂ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡57

ወንድሜ፣ የሚገባ ጥያቄ ነው። ግን እነዚያ ልጆች ብቻቸውን አልሠሩም። በየጊዜው የሚያያቸው፣ ሲደክማቸው የሚያዳምጣቸው፣ ከአቅም በላይ የሆነውን የሚረከባቸው ሰው ነበር። እሱን ሰው ስታወጣው ሥራው ይፈርሳል።

ደግሞ ቤት ስትገባ የምታገኘው ሕመም ብቻ አይደለም። አጎቱ መሬቱን አርሶበታል። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ሄዳለች። በሴፍቲኔት ምልመላ «ይሄማ እብድ ነው» ተብሎ ስሙ ተዘልሏል። ሴፍቲኔት በ2005 ሲጀመር መሥራት ለማይችሉ ቤተሰቦች ሥራ ሳይጠየቁ የሚረዱበት መስመር ነበረው። አንካሳና አረጋዊ ሲመጣ ኮሚቴው ዓይኑ ያያል። ሰውነቱ ጤነኛ የሚመስል የ25 ዓመት ጎረምሳ ሲመጣ «ይሥራ» ይላል። ያን ኮሚቴ ፊት ቆሞ የሚከራከር፣ መመሪያውን የሚያውቅ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። የሙያው ቦታ ያ ነው።

የእኔ ሥጋት ሌላ ነው። ለቤት ለቤቱ ሠራተኛ ደሞዝ የከፈለው ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ማን ይክፈል? «ኤክስቴንሽኗ ትጨምረው» ይባላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከክትባት እስከ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ከቲቢ እስከ ወባ ተሸክማለች። ሶሻል ወርክ ምርምር የሚጠየቅበት ጊዜ አሁን ነው። «ቤት መሄድ ይጠቅማል ወይ?» የሚለው ተመልሷል። «በወረዳ በጀት፣ በማን ሥር፣ በስንት ብር?» የሚለው ግን ገና በደንብ መሠራት አለበት።

ነርስ_ዘደቡብ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡10

የምግቡን ነገር መምህር ካነሱት አይቀር፣ እዚያው አካባቢ ተነጻጽሮ ታይቷል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ባለባቸው ቤቶች ውስጥ ከባድ የምግብ እጥረት ከሌሎቹ ቤቶች በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ማስረጃው ስላለ በምልመላው ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ችግሩ እንግሊዝኛ መጽሔት ላይ መቀመጡ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር በምን ያንብበው?

መረጃ_ሰብሳቢ_ነበርኩ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20

እንደምን አደራችሁ። ለተለያዩ ጥናቶች በመረጃ ሰብሳቢነት ሠርቻለሁ። ከታች ያለውን ልንገራችሁ።

መጠይቁ ረጅም ነው። አንዳንዱ 2 ሰዓት ይፈጃል። ሴትዮዋ ሕፃን አዝላ፣ ወጥ ጥዳ ትመልሳለች። «ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ምን ያህል ተቸግረሻል፣ በጣም፣ መካከለኛ፣ ትንሽ?» ትላለህ። በጣም ትልሃለች። ምልክት ታደርግና ወደ ቀጣዩ ታልፋለህ። «በጣም» ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ቅጹ ላይ ለእንባው ሳጥን የለውም። ሲያበቃ ሳሙና ወይም ትንሽ ብር ትሰጣታለህ፣ ትፈርማለች።

አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከጨረስን በኋላ «አሁን ልጄን መቼ ትወስዱታላችሁ?» አሉኝ። የፈቃድ ቅጹን በደንብ አንብቤላቸው ነበር። «ጥናት ብቻ ነው» የሚለውን ሰምተዋል። ግን መኪና መጣ፣ ባጅ ያደረገ ሰው መጣ፣ ስለ ልጃቸው ሁለት ሰዓት ጠየቀ። ማን ይሄን ሁሉ ጠይቆ ዝም ብሎ ይሄዳል ብለው ያስባሉ? የትኛው ጤና ጣቢያ ልላካቸው ብዬ ተቆጣጣሪዬን ስጠይቅ ዝርዝር አልነበረም። የትኛው ጥናት እንደሆነ አልናገርም፤ ጉዳዩ የአንዱ ብቻ አይደለም።

ሶሻል ወርከሯ፣ እባክሽ ከመውጣትሽ በፊት የመላኪያ ወረቀት አዘጋጂ። የጤና ጣቢያው ስም፣ የክሊኒኩ ቀን፣ የነርሷ ስም። ይሄ ብቻ እንኳ ቢኖር ብዙ ነው።

የእድር_ጸሐፊ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ልጆቼ፣ ጥሩ ወግ ይዛችኋል። እድሜዬ ገፍቷል፣ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። እድር አንዴ ከላይ ስለተነሳ ከውስጥ ልናገር።

እንዲህ ዓይነት ሕመም ያለባቸው ቤቶች ከእድር ቀስ ብለው ነው የሚወጡት። ማንም አያባርራቸውም። መጀመሪያ ወርሃዊው መዋጮ ይዘገያል። ከዚያ ቅጣት ይደመራል። ሰው ሲሞት ለቅሶ አይመጡም፤ የታመመውን ለማን ትተው ይምጡ? በመተዳደሪያ ደንባችን ሦስት ጊዜ ለቅሶ የቀረ ይቀጣል። ቅጣቱም ይደመራል። በዓመቱ ስማቸው ይሰረዛል። እኔ ራሴ መዝገቡ ላይ ቀይ መስመር አስምሬያለሁ፤ ደንቡ ያዛል። ከዚያ በኋላ ያ ቤት ሞት ሲመጣበት ድንኳን የለው፣ ቀባሪ የለው።

ከዩኒቨርሲቲ መጥተው «ማኅበረሰቡ ለአእምሮ ሕሙማን ያለው አመለካከት» ብለው ይጠይቁናል። እኛም ጥሩ ጥሩውን እንመልሳለን። አመለካከታችንን ከምትጠይቁን መዝገባችንን ብታዩ ይሻላል። ማን መቼ እንደወጣ ተጽፏል። ከጠየቃችሁን እናሳያችኋለን፤ ስም ሸፍነን።

ሌላው የጸበል ነገር ነው። መድኃኒት ወይስ ጸበል እየተባለ ሲካሰስ እሰማለሁ። ቤተሰብ ሁለቱንም ይፈልጋል። ካህኑ «ክኒኑን አታቋርጥ» ካሉ ሰው ይሰማቸዋል።

መምህር_ጂ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ጋሼ፣ ያመጡት ሐሳብ ትልቅ ነው። የእድር መዝገብ መገለልን በጊዜ ቅደም ተከተል ያሳያል። ይሄን ያሰበ ተማሪ አላጋጠመኝም። ተማሪዎቼ ሁሉ መጠይቅ ነው የሚያዘጋጁት። ደንቡ ላይ «የታመመ የሚያስታምም ከለቅሶ ይፈቀድለታል» የምትል አንዲት አንቀጽ ብትጨመር ደግሞ ምን ያህል ቤት ይተርፋል?

ስለ ጸበሉም ልክ ነዎት። አዲስ አበባ ላይ ካህናትና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ተግባብተው የሠሩበት ጥናት በ2021 ታትሟል። የሕሙማኑ ቤተሰቦች አልተቸገሩበትም።

ከሳዑዲ_መልስ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15

እኔም ልናገር። ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ታወቀ ሕመም ነው። ሰው የሚያየው፣ መንገድ ላይ የሚጮህ። የእኛ ዓይነቱስ?

በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሳዑዲ ከ160,000 በላይ ሰው ሲመለስ እኔም ነበርኩ። ቦሌ ስንደርስ ብስኩትና ውኃ ሰጡን። በኋላ ተማሪዎች መጥተው መጠይቅ ሞሉልን። «ቅዠት ያጋጥምሻል? እንቅልፍ ይነሳሻል? ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?» ሁሉንም አዎ አልኩ። አመስግነው ሄዱ።

የእኔን እንቅልፍ የነሳኝ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቁም። አባቴ ለደላላው የከፈለው ብር ብድር ነበር። በሬው ተሽጧል። ባዶ እጄን መጣሁ። ቤት ውስጥ ማንም አልሰደበኝም፤ ግን ሳህን ሲቀርብ መጀመሪያ የሚነሳው እጅ የእኔ አልነበረም። ያ ነው የሚያቃጥለኝ። ጤና ጣቢያ ስሄድ «ጨጓራ ነው» ተባልኩ። መድኃኒት ወሰድኩ። ሦስት ጊዜ።

ነርስ_ዘደቡብ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡02

የኔ እህት፣ ይሄን መጻፍሽ ራሱ ቀላል አይደለም። ልክ ነሽ። ከላይ ያመሰገንነው የፕራይም ሥራም እዚህ ላይ ደክሟል። ከባድ ሕመም ያለባቸውን ጎረቤትና ኤክስቴንሽን እየጠቆመ ብዙዎቹ ሕክምና አገኙ። ድብርት ያለባቸው ሰዎች ግን እዚያው ጤና ጣቢያ ተራ ይዘው፣ ራስ ምታትና ጨጓራ ተብለው ይመለሱ ነበር። ሥልጠና የወሰደው ባለሙያም ብዙዎቹን አላያቸውም። ሰው የሚጮኸውን ያያል፣ ዝም ያለውን አያይም።

አሁን እንዴት ነሽ? ራስን የማጥፋት ሐሳብ ዛሬም ካለ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ወይም በአቅራቢያሽ ያለ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል ዛሬውኑ ሂጂ። ለብቻሽ አትሂጂ፣ የምታምኚውን ሰው ይዘሽ ሂጂ።

ከሳዑዲ_መልስ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡40

አሁን ደህና ነኝ ሲስተር። ከተመለሱ ሴቶች ጋር ሆነን ቁጠባ ጀመርን፤ ብድሩም አልቋል። ጥሩ የተኛሁት ብድሩ ያለቀ ለታ ነው።

ሶሻል_ወርከሯ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቀኑን ሙሉ ሳነብ ዋልኩ። ማታውን ፕሮፖዛሉን ከፍቼ እነዚህን እቀይራለሁ።

«የመገለል ደረጃ» የሚለውን ረጅም መለኪያ አሳጥራለሁ። በቦታው ገንዘብና ጊዜ ይገባሉ። ለአንድ ቀጠሮ የሚወጣው የመጓጓዣ ብር ስንት ነው? ማን አብሮ ይሄዳል፣ ያ ሰው ምን ሥራ ይቀርበታል? ክኒኑ ከተዋጠ በኋላ ምን ተበላ? ብድር አለ ወይ፣ ለማን?

«የቤተሰቡ ኃላፊ» የሚለውን አውጥቼ «ትናንት ከታመመው ሰው ጋር ቤት የዋለው ማነው?» በሚል እተካዋለሁ። የማናግረውም እሷን ነው። ትምህርት አቋርጣ እንደሆነም እጠይቃለሁ። የወንድሜ እህት፣ ይሄ ከአንቺ የተወሰደ ነው።

ጋሼ፣ እርስዎን ማግኘት እፈልጋለሁ። የሦስት እድሮችን መዝገብ ለማየት ለሥነ ምግባር ኮሚቴው የማሻሻያ ደብዳቤ አስገባለሁ።

የመላኪያ ወረቀቱን ከጤና ጣቢያችን ነርስ ጋር እናዘጋጃለን። ውጤቱ ሲወጣ ደግሞ ሁለት ገጽ በአማርኛ ጽፌ ለሴፍቲኔት ኮሚቴው፣ ለእድሮቹና ለቤተሰቦቹ በስብሰባ አቀርባለሁ። አማካሪዬ «ይሄ ለዲግሪው አይጠየቅም» ይሉኝ ይሆናል። አውቃለሁ። ግን ለቤተሰቦቹ ቃል ስገባ የምፈርመው በዚህ ነው፤ በፈቃድ ቅጹ ላይ የስብሰባውን ወር ጨምሬ እጽፈዋለሁ።

መምህር፣ የበጀቱን ጥያቄ በማስተርስ አልችለውም። እርስዎ ቢመሩትና ሦስት አራት ተማሪ በየወረዳው ብንከፋፈለውስ?

መምህር_ጂ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05

ይቻላል። አራት ወረዳ፣ አንድ ዓይነት ቅጽ። ሰኞ ዲፓርትመንት ላይ አነሳዋለሁ። ፍላጎት ያላችሁ ተማሪዎች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆናችሁ አይገድም።

የእድር_ጸሐፊ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

ልጄ፣ ነይ። የእድራችን ስብሰባ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ። የአስታማሚዋን አንቀጽ እኔው አጀንዳ አስይዘዋለሁ፤ አንቺ ደግሞ ተነስተሽ ታስረጃለሽ።

መረጃ_ሰብሳቢ_ነበርኩ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡44

አንድ ነገር ልጨምር። ቤት ለቤት ስትወጪ የገበያ ቀን አትሂጂ። አስታማሚዋ ከወጣች የምታገኚው የተቆለፈ በር ነው፤ ከቀረች ደግሞ የቀኑን ገቢዋን አሳጥተሻታል።